ትምህርት ቤቱ ከመዘጋቱ በፊት፦ በአሜሪካ ላሉ ወላጆች የዝግጅት መመሪያ

ሐሙስ ማርች 12 ቀን 2020 የሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች በሙሉ በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ከሚቀጥለው ሰኞ ጀምሮ ለሁለት ሳምንት እንደሚዘጉ ተነገረ። በማግስቱ ቨርጂንያ ተከተለች። ቨርጂንያ ገና ሁለቱ ሳምንት ሳይሞላ፣ ማርች 23 ላይ፣ መዘጋቱን እስከ ትምህርት ዘመኑ ማብቂያ አራዘመችው፤ ሜሪላንድም ሜይ 6 ላይ ያንኑ ወሰነች። በብዙ ዲስትሪክቶች ልጆች ወደ ክፍል የተመለሱት ከአንድ ዓመት ገደማ በኋላ ነው።

ወላጅ ለመዘጋጀት ያገኘው ዓርብንና ቅዳሜና እሁድን ብቻ ነበር። በእነዚያ ቀናት ትምህርት ቤቱ በሚያውቀው ቁጥር የሚገኝ፣ የምሳ ማመልከቻውን አስቀድሞ የሞላና የልጁን ፓስወርድ የሚያውቅ ቤተሰብ ላፕቶፑንም ምግቡንም ቶሎ አገኘ። ስልኩን ቀይሮ ያላሳወቀው ግን ጥሪውም አልደረሰው። ልዩነቱን የፈጠረው የእንግሊዝኛ ችሎታ ወይም ገንዘብ ብቻ አልነበረም፤ ቀደም ብሎ የተሞላ ወረቀትም ነበር።

እያንዳንዱ ዲስትሪክት ለአደጋ ጊዜ ዕቅድ አለው። ዕቅዱ የተጻፈው ግን ለአሥር ሺዎች ነው። የእርስዎን ልጅ የሚያገኘው በሰጡት ስልክ ቁጥር፣ በሞሉት ቅጽና በጠየቁት ጥያቄ በኩል ነው። ይህ መመሪያ ያንን መንገድ ዛሬ እንዲጠርጉ ይረዳዎታል። ምሳሌዎቹ በብዛት የተወሰዱት የእኛ ሰው በብዛት ከሚኖርበት ከዋሽንግተን ዲሲ፣ ከሜሪላንድና ከቨርጂንያ ነው። ሌላ ስቴት ካሉ የቅጾቹ ስም ሊለያይ ይችላል፤ ሥራው ግን ያው ነው።

1. ማን እንደሚወስንና ዕቅዱ ምን እንደሚይዝ ይወቁ

በረዶ ሲጥል ወይም ማሞቂያ ሲበላሽ የሚወስነው የዲስትሪክቱ ሱፐርኢንቴንደንት ነው፤ ውሳኔውም አብዛኛውን ጊዜ ገና ሳይነጋ ይወጣል። ተላላፊ በሽታ ሲሆን የካውንቲው የጤና ቢሮ፣ የስቴቱ ትምህርት መሥሪያ ቤትና ገዢው ይገቡበታል።

የመዘጋት ዓይነቱም ብዙ ነው። የሁለት ሰዓት መዘግየት ማለት ባሱም ትምህርቱም ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ይጀምራል ማለት ነው። ቀድሞ መልቀቅ ማለት ደግሞ ልጁ እርስዎ ሥራ ላይ እያሉ ቤት ይደርሳል ማለት ነው፤ ለሠራተኛ ወላጅ ከሁሉም የሚከብደው ይህ ስለሆነ ከወዲሁ ሊያስቡበት ይገባል። የአንድ ቀን መዘጋት አለ፣ በኮምፒዩተር የሚካካስ ቀን አለ፣ ለሳምንታት የሚዘልቅም አለ።

የፌደራል መንግሥት በ2013 ባወጣው መመሪያ መሠረት የትምህርት ቤት የአደጋ ጊዜ ዕቅድ ልጆችን ከሕንፃ ማስወጣትን፣ በር ዘግቶ መቆየትን፣ ልጅን ለወላጅ ማስረከብን፣ የሕዝብ ጤናንና ሥራው ሳይቋረጥ የሚቀጥልበትን መንገድ ለየብቻ ይዘረዝራል። ከፊሉ ለደኅንነት ሲባል አይገለጥም። እርስዎን የሚመለከተውን ግን መጠየቅ መብትዎ ነው። ለርዕሰ መምህሩ ወይም ለካውንስለሩ እነዚህን አራት ጥያቄዎች ያቅርቡ፦

- ትምህርት ቤቱ ከአንድ ሳምንት በላይ ቢዘጋ ልጄ በምን ይማራል?
- ምሳ የት ይታደላል?
- ሕንፃውን ለቀው ቢወጡ ልጄን የምረከበው የት ነው?
- መልእክቱ በየትኛው ስልክና በየትኛው ቋንቋ ይደርሰኛል?

በመጀመሪያ በሚነገረው የቀን ብዛት አይደገፉ። እኛ የኅዳር በሽታ በምንለው በ1918ቱ ወረርሽኝ ሴንት ሉዊስ ትምህርት ቤቶቿን ስትዘጋ ኒውዮርክና ቺካጎ ክፍት አድርገው ቆዩ። የኒውዮርኩ የጤና ኮሚሽነር ሮያል ኮፕላንድ ልጆች በተጨናነቀ ቤት ከሚውሉ ነርስና ሐኪም በሚያያቸው ትምህርት ቤት ቢውሉ ይሻላል የሚል አቋም ነበራቸው። በ2009 የኤች ዋን ኤን ዋን ጉንፋን ሲነሣ በቴክሳስ የፎርት ወርዝ ዲስትሪክት 80,000 ገደማ ተማሪዎቹን በአንድ ጊዜ ከትምህርት ገበታ አስቀረ። ጥቂት ቀናት ቆይቶ የፌደራሉ የበሽታ መከላከያ ማዕከል ሲዲሲ ምክሩን ለወጠ፤ ትምህርት ቤቱን ሁሉ ከመዝጋት የታመሙትን ልጆች ቤት ማቆየት ይሻላል አለ። ወደፊትም ምክሩ በየጊዜው መለዋወጡ አይቀርም። ስለዚህ «ሁለት ሳምንት» ሲባሉ ለሁለት ወር ያስቡ።

2. የአደጋ ጊዜ ተጠሪዎችን ዝርዝር ያስተካክሉ

ከዚህ መመሪያ አንድ ነገር ብቻ የሚሠሩ ከሆነ ይህንን ይሥሩ።

ትምህርት ቤቱ ልጅዎን የሚያስረክበው ስሙ በኢመርጀንሲ ኮንታክት ዝርዝር ላይ ላለና መታወቂያ ላሳየ ሰው ነው። የአክስት ልጅ ነኝ፣ ጎረቤት ነኝ ማለት አይበቃም። እዚህ ላይ የእኛን ሰው በተለይ የሚያስቸግር ነገር አለ። ልጅ የአባቱን ስም ይይዛል፣ እናት የራሷን አባት ስም ትይዛለች፤ ስለዚህ በመታወቂያ የእናትና የልጅ ስም አይገናኝም። በዚያ ላይ አንዱ ስም በፓስፖርት በአንድ ዓይነት፣ በመንጃ ፈቃድ በሌላ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ ይገኛል። በጭንቅ ሰዓት በር ላይ የቆመው ሠራተኛ የሚያየው መታወቂያውንና ዝርዝሩን ብቻ ነው። ስለዚህ፦

- የእያንዳንዱን ተጠሪ ስም በመታወቂያው ላይ እንደተጻፈው፣ ፊደል በፊደል ያስመዝግቡ።
- ከወላጆች ሌላ ቢያንስ ሦስት ሰዎች ያስገቡ፦ በእግር ትምህርት ቤቱ የሚደርስ ጎረቤት፣ መኪና ያለው ሰው፣ የሥራ ሺፍቱ ከእርስዎ የሚለይ ሰው። ዲሲ ያለው ወንድምዎ የቱንም ያህል ቢወድዎ በረዶ በዘጋው መንገድ አይደርስም።
- ሰዎቹን አስቀድመው ይንገሯቸው፤ ስማቸው መግባቱን የማያውቅ ሰው ስልክ አያነሳም።
- የፍርድ ቤት የልጅ አሳዳጊነት ውሳኔ ካለ ቅጂውን ለትምህርት ቤቱ ይስጡ።
- ቁጥር በቀየሩ ዕለት ያሳውቁ። በቫይበር ወይም በቴሌግራም ብቻ የሚሠራ ቁጥር አይስጡ፤ የዲስትሪክቱ ጥሪና የጽሑፍ መልእክት አይደርሰውም።
- ዲስትሪክቱ የሚደውልበትን ቁጥር በስልክዎ ላይ በስም ይመዝግቡ። አለዚያ ማስታወቂያ መስሎዎት ይዘጉታል።

በር ተዘግቷል (ሎክዳውን) የሚል መልእክት ሲደርስዎ ወደ ትምህርት ቤቱ አይሩጡ። በዚያ ሰዓት ማንም አይገባም ማንም አይወጣም፤ መንገዱ በወላጅ መኪና ከተጨናነቀ ደግሞ አምቡላንስ ያልፍበት ያጣል። መረከቢያው ቦታ እስኪነገርዎ ይጠብቁ፣ መታወቂያዎን ይያዙና ወደዚያ ይሂዱ።

3. በአማርኛ መረጃ የማግኘት መብትዎን ይጠቀሙ

የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ ስድስተኛ ክፍልና የ1974ቱ የእኩል የትምህርት ዕድል ሕግ ቋንቋን ለሚመለከት አድልዎ በር ይዘጋሉ። የፌደራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ በበቂ ለማይችል ወላጅ አስፈላጊውን መረጃ በሚገባው ቋንቋ የማድረስ ግዴታ አለበት። በዲሲ ደግሞ የ2004ቱ የቋንቋ አገልግሎት ሕግ አለ፤ አማርኛ በዚያ ከሚሠራባቸው ቋንቋዎች አንዱ ነው። ሞንጎመሪ ካውንቲ፣ ፌርፋክስና አሌክሳንድሪያም ለወላጆች በአማርኛ ጽሑፎችን ያዘጋጃሉ።

በመመዝገቢያው ቅጽ ላይ ወላጁ በምን ቋንቋ መረጃ እንደሚፈልግ የሚጠየቅበት ቦታ አለ። አንዳንድ ወላጅ አማርኛ ብዬ ከጻፍኩ ልጄን ከጓደኞቹ ይለዩብኛል ብሎ ይሰጋል። እርስዎ መልእክት የሚቀበሉበት ቋንቋ ለብቻው የሚጠየቅ ነው፤ ልጅዎ የእንግሊዝኛ እርዳታ ያስፈልገው እንደሆነ የሚለየው በፈተና ነው።

ስልክ ሲደውሉ «አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር፣ ፕሊስ» ብለው ይጠብቁ። አስተርጓሚው በስልክ ይገባል፣ ገንዘብም አይከፍሉም። ልጅዎን አያስተርጉሙት። ስለ በሽታና ስለ አደጋ የሚነገር ነገር በአሥር ዓመት ልጅ አንደበት ሲያልፍ ይጎድላል፤ ልጁም የማይችለውን ጭንቀት ይሸከማል። ፓረንትቪው ወይም ፓረንትስኩዌር የመሰለውን የዲስትሪክቱን መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑና የቋንቋ ምርጫውን ያስተካክሉ። በማሽን የተተረጎመ መልእክት ግራ ካጋባዎት ግምት ውስጥ አይግቡ፤ ደውለው ይጠይቁ።

4. ልጁ ማን ጋር እንደሚውል ይወስኑ

በሜሪላንድ ሕግ ከ8 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ቤት ውስጥ ብቻውን አይተውም፤ ጠባቂው ልጅ ከሆነም ቢያንስ 13 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ቨርጂንያ ስቴቱን ሁሉ የሚገዛ የዕድሜ ሕግ ባይኖራትም ካውንቲዎች የየራሳቸው መመሪያ አላቸው፤ የእርስዎን ካውንቲ መመሪያ ይጠይቁ። አገር ቤት ታላቅ ታናሹን ይዞ መዋሉ የተለመደ ነው፤ እዚህ ግን የሕግ ጥያቄ ሊያስነሣ ይችላል።

በ2020 ኮንግረስ ያወጣው ሕግ ልጁ ትምህርት ቤት ለተዘጋበት ወላጅ የሚከፈልበት ፈቃድ ፈቅዶ ነበር፤ ያ ግዴታ ዲሴምበር 31 ቀን 2020 አብቅቷል። ስለዚህ አሠሪዎን አሁን ይጠይቁ፦ ልጄ ትምህርት ቤት ቢዘጋበት ፈቃድ አለኝ? ሺፍት መቀያየር እችላለሁ? የሆስፒታል፣ የመኪና ማቆሚያና የአየር ማረፊያ ሠራተኞች ወረርሽኝ ሲመጣ ቤት ቁጭ ማለት አይችሉም፤ ይህ ጥያቄ ከሁሉ በላይ የእነሱ ነው።

ከዚያ ከሁለት ወይም ከሦስት ቤተሰብ ጋር ይስማሙ። ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት የሚማሩ፣ ሥራቸው በተለያየ ሰዓት የሆነ ቢሆን ይመረጣል። ሰኞና ማክሰኞ ልጆቹ ማን ቤት ይውላሉ? ከመካከላቸው አንዱ ቢታመምስ? ቤት ውስጥ አያት ካሉ ይህ ጥያቄ ይጠነክራል፤ በሽታ የሚከብደው በእሳቸው ነውና። ስምምነቱን በጽሑፍ ያስቀምጡ።

5. የምግቡን ቅጽ ይሙሉ

የነጻ ወይም የቅናሽ ምሳ ማመልከቻ የካፊቴሪያ ሳንቲም ጉዳይ ብቻ አይደለም። በ2020 ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ፒ-ኢቢቲ የተባለ ካርድ ወጣ፤ ልጁ ምሳ ላመለጠው ለያንዳንዱ የትምህርት ቀን 5.70 ዶላር ይከፍል ነበር። ያ ፕሮግራም በ2023 ተዘግቷል። በ2024 የጀመረው ሰን ባክስ ግን ለሚያሟላ ልጅ በየበጋው 120 ዶላር ይሰጣል። በሁለቱም ጊዜ ቅጹ የተሞላለት ልጅ ስሙ አስቀድሞ ዝርዝር ውስጥ ነበር። የሌሎቹ ወላጆች ግን ገና ማመልከት ጀመሩ።

ገቢዎ ከፍ ያለ ቢመስልዎትም የቤተሰቡ ብዛት ስለሚቆጠር ያመልክቱ። ቅጹ የኢሚግሬሽን ሁኔታ አይጠይቅም፤ ሶሻል ሴኩሪቲ የሌለው ሰውም የሌለው መሆኑን አመልክቶ መሙላት ይችላል።

ጓዳዎን ደግሞ ለሁለት ሳምንት ያሰናዱ፦ ሽሮ፣ ምስር፣ ሩዝ፣ ዱቄት፣ በሶ፣ ዘይት፣ ውሃ። ትምህርት ቤት የሚያድለው ምግብ ሥጋና ወተት ይኖርበታል። ልጅዎ የሚጾም ወይም ሐላል ብቻ የሚመገብ ከሆነ ለምግብ ክፍሉ አስቀድመው ያሳውቁ።

6. ኮምፒዩተሩን ሳይቸግርዎ ይሞክሩ

አንድ ቅዳሜ ይምረጡ። ልጅዎ ክሮምቡኩን ከፍቶ፣ በራሱ ስምና ፓስወርድ ገብቶ፣ ከአስተማሪው የተላከ ሥራ አግኝቶ መልሶ ይላክ። እርስዎ አጠገቡ ይቀመጡና የት እንደሚጠፋበት ይዩ። ፓስወርዱን ወረቀት ላይ ጽፈው ያስቀምጡ። ቻርጀሩ መኖሩን፣ ኢንተርኔቱ ሁለትና ሦስት ልጅ በአንድ ጊዜ መቻሉን ይፈትሹ።

የኢንተርኔት ክፍያ ያግዝ የነበረው የፌደራል ፕሮግራም በጁን 2024 ቆሟል። አቅም ካጠረ የኢንተርኔት ኩባንያዎን ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሆን ቅናሽ እንዳለው ይጠይቁ፤ ዲስትሪክቱ ሆትስፖት ያበድር እንደሆነም ይጠይቁ። ይህን በሴፕቴምበር የጠየቀ ሰው መልስ ያገኛል፤ በረዶው በጣለ ማለዳ የጠየቀ ግን ሰልፍ ይጠብቀዋል።

ከቤት የሚማርበት ቀን ሲመጣ ልጁ በየቀኑ መግባቱን ያረጋግጡ። ቨርጂንያ በዓመት እስከ 10 ያልታሰቡ የመዘጋት ቀናት በኮምፒዩተር እንዲካካሱ ትፈቅዳለች። እነዚህ የዕረፍት ቀናት አይደሉም፤ መቅረትም ይመዘገባል።

7. ልዩ ድጋፍ የሚያገኝ ልጅ ካለዎት በጽሑፍ ያስይዙ

አይኢፒ ወይም 504 የተባለ የድጋፍ ዕቅድ ያለው ልጅ መብቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ አይዘጋም። በኖቬምበር 2022 የፌደራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የሲቪል መብቶች ቢሮ የፌርፋክስ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ጊዜ አካል ጉዳት ላለባቸው በሺዎች ለሚቆጠሩ ተማሪዎች የሚገባውን አገልግሎት እንዳላደረሱ ገልጿል፤ ዲስትሪክቱም ማካካሻ ለመስጠት ተስማምቷል። በዚያው ዓመት በሎስ አንጀለስም ተመሳሳይ ስምምነት ተደርጓል።

በሚቀጥለው የአይኢፒ ስብሰባ ይህን ይጠይቁ፦ «ትምህርት ቤቱ ለሁለት ሳምንት ቢዘጋ የንግግር ሕክምናው እንዴት ይቀጥላል? ማን ይደውልልኛል? ያለፈው ሰዓት እንዴት ይካካሳል?» መልሱ በሰነዱ ውስጥ እንዲገባ ያድርጉ። መዘጋት ሲመጣ ደግሞ ደብተር ይያዙ፦ የትኛው ቀን የትኛው አገልግሎት ቀረ፣ ማንን አነጋገሩ፣ ምን ተባሉ። ማካካሻ ሲጠየቅ ክርክሩን የሚያሸንፈው የተጻፈው ነው።

መድኃኒት የሚወስድ ልጅ ካለዎት በነርሷ ዘንድ ያለው መድኃኒት በድንገት ሲዘጋ እዚያው ሊቀር ይችላል። ሁለተኛ የአስም መንፊያ (ኢንሄለር) ወይም ኤፒፔን ቤት እንዲኖር ሐኪሙን ያነጋግሩ። የክትባት መዝገቡን ቅጂም ከፓስፖርት ጋር አንድ ላይ ያስቀምጡ።

8. በመጀመሪያው ሳምንት ቤቱን በሥርዓት ያስይዙ

ልጁ በተለመደው ሰዓት ይነሣ፣ ይልበስ፣ ቁርሱን ይብላ። አልጋ ላይ ሆኖ አይማር። ለእያንዳንዱ ልጅ የራሱ ጥግ፣ ባይቻል የራሱ ሰዓት ይኑረው። እንግሊዝኛው ባይሆንልዎ እንኳ «ዛሬ ምን ተማርክ? አስረዳኝ» ብለው በአማርኛ ያነጋግሩት። በራሱ ቋንቋ ማስረዳት የቻለ ልጅ ትምህርቱ ገብቶታል።

ዜናውን ቀኑን ሙሉ ከፍተው አይተዉት። ልጅ የሚፈራው የበሽታውን ስም ሳይሆን የወላጁን ፊት ነው። የሚያውቁትን በዕድሜው ልክ ይንገሩት። ዝም ካለ፣ እንቅልፍ ካጣ ወይም ጠበኛ ከሆነ ለካውንስለሩ ይደውሉ፤ ካውንስለሩ ትምህርት ቤት ሲዘጋም ሥራ ላይ ነው።

9. ሲከፈት ያለፈውን ያስመልሱ

በ2022 ይፋ በሆነው አገር አቀፍ ፈተና የአራተኛ ክፍል ተማሪዎች የሒሳብ አማካይ ውጤት ከ2019ኙ በ5 ነጥብ፣ የስምንተኛ ክፍሎቹ በ8 ነጥብ ወርዶ ተገኝቷል። ስለዚህ ልጁ ማለፉን ብቻ አይዩ። አስተማሪውን «ልጄ ከክፍሉ ደረጃ የት ላይ ነው? በምን ለካችሁት? ምን ድጋፍ አለ?» ብለው ይጠይቁ።

ኮንግረስ ለትምህርት ቤቶች ማገገሚያ በሦስት ዙር ወደ 190 ቢሊዮን ዶላር ገደማ መድቦ ነበር። የመጨረሻው ዙር ገንዘብ ውል የሚገባበት ቀን ሴፕቴምበር 30 ቀን 2024 አልፏል። ከእንግዲህ የማስጠናት ፕሮግራምም ሆነ የአማርኛ አስተርጓሚ የሚቀጥረው የካውንቲው በጀት ነው። የትምህርት ቦርዱ ስብሰባ ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ተመዝግቦ መናገርም ይቻላል። የእኛ ወላጅ ብዙ ጊዜ ከዚያ መድረክ ይቀራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ በጀቱ ሳይጸድቅ ሄዶ መናገር ይገባል።

የዓመቱ ቀጠሮ

በኦገስት፦ ተጠሪዎችን፣ ስልክ ቁጥርንና የምሳ ማመልከቻን ያድሱ።
በኦክቶበር፦ የኮምፒዩተሩን ሙከራ ያድርጉ፤ የልጅ ጥበቃ ስምምነቱን ይከልሱ።
ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ፦ የበጀት ስብሰባዎችን ይከታተሉ፤ የበረዶ ቀን መልእክቶች መድረሳቸውን ያረጋግጡ።
በሜይ፦ ስለ ሰን ባክስና ስለ በጋ ትምህርት ይጠይቁ፤ አድራሻ ከቀየሩ ያሳውቁ።

ይህን ሁሉ ጨርሰው ከሆነ አንድ ሥራ ይቀርዎታል። በዲቪ ወይም በቤተሰብ ጥሪ በቅርቡ የመጣ፣ የሁለት ሰዓት መዘግየት ምን እንደሆነ ሰምቶ የማያውቅ ቤተሰብ በቤተ ክርስቲያንዎ፣ በመስጊድዎ ወይም በዕድርዎ ውስጥ አይጠፋም። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አብረዋቸው ይቀመጡና ዝርዝሩን ከዚህ መመሪያ ሁለተኛ ክፍል ጀምረው አብረው ይሙሉ። የእነሱን ልጅ በድንገት የሚረከብ ሰው ሲፈለግ የእርስዎ ስም በዝርዝሩ ላይ ይኑር፤ የእነሱም ስም በእርስዎ ዝርዝር ላይ ይኑር።